ዘጠኝ፣ ስድስት፣ ዐሥራ አምስት

ደብረ ታቦር
ጥር 3 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ለአጎቴ ልጅ ለበላይነህ ዘውዱ፣ ድሬስደን፤

የሰው አገር ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛን የጉና ውርጭ ካልሆነ በቀር የነካን የለም፤ እኔም ልጆቼም ደህና ነን፤ ተመስገን። አባትህ ደህና ናቸው፤ ሰላም በይልኝ ብለዋል።

ዛሬ ለመጻፍ የተነሣሁት ናፍቆቱ ብቻ ገፍቶኝ አይደለም። ጭንቅ ይዞኛል፤ ጭንቁም ካንተው ሙያ ወገን ነው። በጽሕፈት መኪና ስመታበት የነበረው የምርጥ ዘር መሥሪያ ቤት ዘንድሮ ኮምፒዩተር ከጀርመን በእርዳታ መጣለት። ጥቅምትን አዲስ አበባ አሠለጠኑኝና ታኅሣሥ መባቻ ላይ ሲተከል “ኃላፊዋ አንቺ ነሽ” ተባልኩ። ትልቋ መኪና በእኔ ክፍል ናት። ከግቢው ማዶ፣ እህል መጋዘኑ ውስጥ፣ ቴሌቪዥን የምትመስል መጻፊያ አለች፤ ሁለቱ በረጅም ገመድ ተያይዘዋል። ቀን የየገበሬ ማኅበሩን አባላት ስምና የሚፈልጉትን የስንዴና የገብስ ዘር እናስገባለን፤ ሌሊት የስልኩ መስመር ጭር ሲል መኪናዋ ራሷ አዲስ አበባ ደውላ ሁሉንም ትልካለች። እንዲህ ነበር የተነገረኝ።

የመጋዘኗ መጻፊያ ከተተከለች ጀምሮ ሰው የማያነበው ፊደል ትተፋለች። እሱስ ይቅር፤ የባሰው ሌላ ነው። አንዳንድ ቀን ጠዋት ስገባ ትልቋ መኪና በርታ፣ ግን ሥራ ፈትታ አገኛታለሁ። ዲስኳን እየፈተሸች በእንግሊዝኛ ትጠይቀኛለች፤ “አዎ” ስላት ሌላ ትጠይቃለች። ማታ ያስገባነው ስም ግማሹ ጠፍቷል። አዲስ አበባም ምንም አልደረሰንም ይላል። መብራት ነው እንዳትለኝ፤ መብራታችን ከጤና ጣቢያው ጀነሬተር የተሳበ ነው፤ እሱ ደግሞ ለክትባቱ ማቀዝቀዣ ሲባል አይጠፋም።

ኃላፊያችን ጓድ እሸቴ መጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ባለፈው ሳምንት ሦስተኛ ጊዜ ሲሆን በሩን ዘግቶ፣ “ጓዲት፣ ይህ ነገር አሻጥር አሻጥር ይሸታል” አለኝ። ይህች ቃል ሰው ይዛ ስትሄድ አይቻለሁ፤ ስትመልስ አላየሁም። እስከ ግንቦት የገበሬው ስም ተሟልቶ ካልተላከ የዘር መኪኖቹ ወደዚህ አይወጡም፤ ካልወጡም የምጠየቀው እኔ ነኝ። ልጆቼን ለማን ብዬ እንደምተዋቸው አላውቅም።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? እኔም መኪና በደብዳቤ ላስጠግን ተነሣሁ። የጠየቀችኝን ሁሉ ፊደል በፊደል ገልብጬ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ፈጥነህ መልስልኝ።

እህትህ ጥሩወርቅ


ድሬስደን
ጥር 26 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ለጥሩወርቅ፤

በጀርባሽ ያዘልሽኝ፣ ስሰርቅ ያላጋለጥሽኝ እህቴ፣ ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤሽ በሃያ ሦስት ቀኑ ደረሰኝ። በአንድ ጊዜ ሳቅሁም፣ ደነገጥኩም። ሳቄ የአንቺ የእጅ ጽሑፍ ከመኪናዋ ጽሑፍ ይልቅ ስለሚነበብ ነው። ድንጋጤዬን ግን አታንሽው።

እኔ እዚህ የምውለው ከመኪናሽ ታላቅ እህት ጋር ነው። ሁለቱም የሚመሩበት ሥርዓት ዩኒክስ ከሚባለው የተወለደ ነው፤ ስለዚህ ቋንቋዋን እሰማለሁ። ያየሽው አንድ በሽታ ሳይሆን ሁለት ነው። ቀላሉን እናስቀድም።

የመጋዘኗ መጻፊያ ያበደች አይደለችም። ትልቋ በፍጥነት ትናገራለች፣ እሷ በቀስታ ታዳምጣለች፤ ያልሰማችውን ደግሞ በግምት ትጽፋለች። መጀመሪያ ገመዱን ከዳር እስከ ዳር ተከተይው፤ የቀጠነ፣ የተጨመቀ፣ የላላ እንዳለ እዪ። ከዚያ ትልቋ መኪና ውስጥ ኢቲሲ የሚባል ጓዳ አለ፤ የቤቱ ደንብ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። “የበላይ ኃላፊ” በሚባለው የይለፍ ቃል ግቢና የመጋዘኗን መጻፊያ ስም የያዘውን መስመር ፈልጊ። የምትቀይሪውን ቁጥር በሌላ ወረቀት ጽፌልሻለሁ። ከመንካትሽ በፊት የነበረውን ገልብጪ፤ ያልገለበጡትን ነገር መመለስ አይቻልም።

የሁለተኛው በሽታ ግን ከዚህ ሆኜ አይታየኝም። መኪናዋ የተነሣችበትን ቀን ሁሉ ራሷ ትመዘግባለች። የተበላሸችባቸውን ቀናት ከዚያ መዝገብ እሷ እንደጻፈችው፣ በፈረንጁ ቀን ገልብጪልኝ። ወደኛ ቀን እመልሳለሁ ብለሽ አንዷን እንኳ እንዳታሳስቺ።

እታለም፣ አባዬ ለምን አያጽፉልኝም? ድሮ በቄስ እያስጻፉ በዓመት ሁለቴ ይልኩልኝ ነበር፤ ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ። መንደራችን ገሳይ እንዴት ናት? ወይኖና ቦራ አርጅተው ይሆናል፤ ሌላ በሬ ገዝተው ይሆን? “ደህና ናቸው” ብቻ አትበዪኝ።

በላይነህ


ደብረ ታቦር
የካቲት 22 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለበላይነህ፤

ክፉ አይንካህ፤ የጻፍክበትን እጅ ይባርከው። የጾሙ ወራት እንዴት ነው? እዚያ የሚጾም ሰው ታገኝ ይሆን?

እንዳልከኝ ገመዱን ከዳር እስከ ዳር ተከተልኩት። በጉልበቴ እየዳህሁ ከከረጢት ኋላ ብወጣ ምን አገኘሁ መሰለህ? መጋዘን ጠባቂው ታደሰ ጃንጥላውንና የምሳ ዕቃውን ገመዷ ላይ ሰቅሎ ይውላል! “ኧረ ባክህ፣ ይህ የልብስ መስቀያ ነው?” ብለው፣ “ታዲያ ለምንድን ነው የተወጠረው?” ይለኛል። ጃንጥላውን አወረድኩ፤ የላላውን ጫፍ አጠበቅሁ። ከዚያ ጓዳው ገብቼ ያዘዝከኝን ቁጥር ቀየርኩ። ታደሰን መጋዘን ልኬ ስሙን ጻፍ አልኩት፤ በእኔ ክፍል በትክክል ወጣ። እሱም ሮጦ መጥቶ ስሙን እዚህ ሲያየው ተሳለማት። ደስታዬን ልነግርህ አልችልም።

ትልቁ በሽታ ግን እንዳለ ነው። መዝገቧ ላይ ያሉት ቀናት እነዚህ ናቸው፤ ዲሴምበር 22፣ ዲሴምበር 31፣ ጃንዋሪ 6፣ ጃንዋሪ 21፣ ጃንዋሪ 30፣ ፌብሩዋሪ 5፣ ፌብሩዋሪ 20፣ የመጨረሻው ትናንት ፌብሩዋሪ 29። ሁልጊዜ የተነሣችው ንጋት ላይ ነው፤ ማንም ሠራተኛ ሳይገባ።

ጓድ እሸቴ እኛን ሁሉ በየተራ ጠየቀን። ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው፤ “ሌላ ሰው ይህን ደፍ ረግጦ ከሆነ እግሬን ይስበረው” ብለው ማሉለት። እኔንም ሦስት ጊዜ አስጠራኝ። አንተ የጻፍክልኝን ባሳየው፣ “የዘመድ ወረቀት ማስረጃ አይሆንም” አለኝ። ስለዚህ እባክህ፣ ምክንያቱን ስታገኘው ለእሱ በስሙ ጻፍለት፤ በእንግሊዝኛ፣ በምትሠራበት ቤት ወረቀት፣ ማኅተም ያለበት። ፈረንጅ ያተመውን ያምናል። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ከጎንደር ኮሚቴ መጥቶ ያጣራል ተብሏል። ያን ጊዜ እጄ ላይ አንድ ወረቀት ከሌለ አለቀልኝ።

የጠየቅኸኝን አይቻለሁ። አባትህ ደህና ናቸው፤ ጥርሳቸው እንኳ አልጎደለም። ሌላውን ሌላ ጊዜ።

ጥሩወርቅ


ድሬስደን
መጋቢት 16 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም፤

ሰላምታዬን አሳጥሬ ወደ ነገሩ ልግባ፤ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኛል። ተገኘ! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ይኸው ነው።

ቀናቱን ግድግዳ ላይ ለጥፌ ስምንት ቀን አፈጠጥኩባቸው። ሙቀት ነው ብዬ ተነሣሁ፤ አይደለም። የስልክ መስመር ነው አልኩ፤ አይደለም። በኋላ በመካከላቸው ያለውን ቀን ቆጠርኩ። ዘጠኝ፣ ስድስት፣ ዐሥራ አምስት። እንደገና ዘጠኝ፣ ስድስት፣ ዐሥራ አምስት። ሲደመር ሁልጊዜ ሠላሳ። ጨረቃ ሠላሳ አትሞላም። የፈረንጅ ወር አንዴ ሠላሳ፣ አንዴ ሠላሳ አንድ፣ ዘንድሮ አንዱ ሃያ ዘጠኝ ነው። አንድ ቀን ሳይዛነፍ ሠላሳ የሆነ ወር የት ነው የማውቀው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ከዚያ አፈርኩ። በጣም አፈርኩ፣ እታለም። የራሴን ወር ረሳሁት።

ቀናቱን ወደኛ መለስኳቸው። ዐሥራ ሁለት፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሰባት፤ በየወሩ። ልደታ፣ ባዕታ፣ አቦ፣ ሥላሴ እያልኩ እንደ ልጅነቴ በጣቴ ቆጠርኩ፤ ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔ ዓለም። አባዬ ሞፈርና ቀንበር የሚሰቅሉባቸው ሦስቱ ቀናት! እነዚህን ቀናት የሚያከብር ብልሽት የለም። ሰው ነው። የበዓሉ ዋዜማ ሲመሽ ማጥፊያዋን ይጫናል፤ ሊነጋጋ ሲል መልሶ ያበራትና አንቺ ስትገቢ በርታ ታገኛታለሽ። እሷ ግን ሳትሰናበት ስትጠፋ የያዘችው ሁሉ ይበተናል፤ ከጸሐፊ እጅ መዝገቡን እንደ መንጠቅ ነው። ማጥፋት የግድ ከሆነ ቀድሞ የሚሰጠውን የስንብት ትእዛዝ ከታች ጽፌልሻለሁ።

በዚያ ሰዓት ቁልፉ በማን እጅ ነው? በዘበኛው። ሽማግሌ ናቸው ብትዪኝም አላዘንኩላቸውም። እሳቸው ጽድቅ ሲሸምቱ አንቺ ልትታሰሪ ነው፤ ያውም ዐይናቸው እያየ፣ ማሉ አልሽኝ! ለጓድ እሸቴ እንዳዘዝሽኝ ዛሬውኑ በእንግሊዝኛ ጽፌ፣ አሳትሜ፣ በአደራ ደብዳቤ ልኬያለሁ። ጥፋቱ የአንቺ እንዳልሆነ፣ መኪናዋን ያጠፋው ዘበኛው እንደሆነ፣ ከበሩ ተነሥቶ ሊመረመር እንደሚገባ ቀኑን ከነቁጥሩ ዘርዝሬያለሁ። ከእንግዲህ እፎይ በይ።

አባዬን ለምን እንደምትሸሺብኝ ግን አልገባኝም። ታመው ከሆነ ንገሪኝ።

በላይነህ


ደብረ ታቦር
ሚያዝያ 20 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለበላይነህ፤

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። የጨርቅ ነጋዴው ሙሳ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሲወርድ፣ ወደናንተ ለሚበር ተማሪ በእጁ ሊሰጥልኝ አላህን ጠርቶ ቃል ገብቶልኛል። መልስህንም በሙሳ ሱቅ ስም ላክ፤ በእኔ ስም እንዳትልክ።

ያንተ የአደራ ደብዳቤ ከእኔኛው በሁለት ቀን ቀደመ። ከሥራ መውጫ ላይ ጓድ እሸቴ አስጠራኝ። ፖስታውን በቢላዋ ከፍቶ ማኅተሙን በጣቱ እየዳሰሰ ተቀምጧል።

“ከጀርመን ነው፤ ተርጉሚው። ቃል በቃል” አለኝ። የእሱ እንግሊዝኛ ከ“ዲር ሰር” አያልፍም።

ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ የዘበኛው ነገር መጣ። በመስኮቱ ዘበኛው ይታዩኛል፤ ገና መግባታቸው ነው፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ከቀን ተረኛው ቁልፍ ይቀበላሉ።

“ምን ይላል?”

“መኪናዋ ደህና ናት ይላል።”

“ታዲያ ምን ሆነች?”

“ዕረፍት አጥታ ነው ይላል፣ ጓድ። በወር ሦስት ማታ ካላረፈች ዲስኳ ይግላል። ያን ጊዜ ራሷን ታጠፋለች ይላል።”

“ይኼን ለማለት ነው ሁለት ገጽ የፈጀው?”

“ፈረንጅ መቼ ወረቀት ይቆጥባል?” አልኩት። “የምታርፍበትን ደንብ አዘጋጅቼ እልካለሁም ይላል።”

ብዙ አየኝ። ከዚያ ደብዳቤውን በክብር ፋይል ውስጥ አስገባው። እኔም ወጥቼ ከግድግዳው ጥግ ቆሜ አለቀስኩ።

አሁን ቁጭ ብለህ ካልሆነ ቁጭ በል። ከበሩ ይነሣ፣ ይመርመር ብለህ ያተምክበት ዘበኛ አባትህ ናቸው።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ወይኖም ቦራም በአንድ ወር ሞቱ። በሬ የሌለው ገበሬ መሬቱን ቁጭ ብሎ ያያል። አንድ ክረምት ታግሠው ሁለተኛው ላይ ዱላቸውንና ጋቢያቸውን ይዘው ከገሳይ በእግራቸው እኔ ቤት መጡ። እንግዳ ሆኜ አልበላም አሉ፤ ለምኜ ለምኜ የዘበኝነቱን ሥራ አገኘሁላቸው። እሳቸውም አስማሉኝ። “ልጄ አባቱ የሰው በር እንደሚጠብቅ ቢሰማ ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል። ብትነግሪው ዐይንሽን አላይም” አሉ። ከዚያ ወዲህ “ደህና ናቸው” እያልኩ የጻፍኩልህ ለዚህ ነው። ዛሬ መሐላዬን አፈረስኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ለብቻቸው ጠየቅኋቸው። ሳያፍሩ “አዎን” አሉኝ። የማሉትም በሐሰት አይደለም፤ ሌላ ሰው አልገባም፣ የገቡት እሳቸው ናቸው። እኔ ላይ ጉዳት ማምጣታቸውን ስነግራቸው ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ወዲያው ሄጄ ለእሸቴ ልናገር ብለው ተነሡ፤ በግድ ያዝኳቸው። ከእንግዲህ አያጥፏት ብላቸው ግን፣ “በሩን እለቅላችኋለሁ እንጂ በዓል ሽሬ አላድርም” አሉ። በሩን ከለቀቁ ደግሞ ከእኔ ቤት እንጀራ አይበሉም፤ ታውቃቸዋለህ። እስካሁን በየዋዜማው ቀድሜ እኔው አሰናብታታለሁ፤ የጠፋውን ስም ሁሉ ታደሰና እኔ እንደገና አስገብተን ልከናል። ግን አንድ ቀን ብታመም ያው ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርግልኝ። አንደኛ፣ እኔ የዋሸሁትን እውነት አድርገው፤ መኪናዋ በእነዚያ ቀናት በራሷ ተሰናብታ እንድታርፍ አድርጋት። ሁለተኛ፣ እኔ የተረጎምኩትን የሚል ሌላ ደብዳቤ የፊተኛው በያዘው ቀንና ቁጥር አትመህ ላክልኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሰኔ ላይ ከጎንደር የሚመጣው ኮሚቴ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያነብ አይጠፋም፤ ያ ወረቀት ፋይሉ ውስጥ ከቆየ የሚወስዱት አባትህን ነው።

አልተቆጣሁህም። ለእኔ ብለህ ነው። ግን ፍጠን።

ጥሩወርቅ


ድሬስደን
ግንቦት 8 ቀን 1980 ዓ.ም.

እታለም፤

ምን ብዬ ሰላም እንደምልሽ አላውቅም። ደብዳቤሽ ከትናንት በስቲያ ደረሰኝ፤ ሁለት ቀን እህል አልወረደልኝም። አባቴን በማኅተም ከሰስኩ። የቁጥር ብልሃት አገኘሁ ብዬ ስፈነጥዝ፣ እኚያ ሰው ማን ናቸው፣ ልጅ አላቸው ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ያም ሊፈታ የነበረው በእሳቸው ላይ ነው። አንቺ ባትቆሚበት ኖሮ እኔ ምን ይዤ እኖር ነበር?

ሁለተኛው ደብዳቤ ከዚህ ጋር አለ። ቀኑም ቁጥሩም ያው ነው። ፊርማዬም ያው ነው። ያንኛውን አቃጥይው።

ከኋላው ያሉት አርባ አንድ መስመሮች ለመኪናዋ ናቸው። ኑሮዋ በፈረንጅ ቀን ነውና የእኛን እንድትቆጥር አስተማርኳት፤ ወሩን በሠላሳ ትቆጥራለች፣ ጳጉሜንንም በየአራት ዓመቱ ስድስት እንደምትሆን ታውቃለች። ክሮን የምትባል ሰዓት ጠባቂ በውስጧ አለች፤ በየቀኑ ከቀትር በኋላ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይህን ጽሑፍ ታነባለች። ቀኑ ዐሥራ አንድ፣ ሃያ ወይም ሃያ ስድስት ከሆነ የእናንተን ስሞች ሌሊቱን ሳትጠብቅ ወደ አዲስ አበባ ትልካለች፤ መስመሩ ከተያዘ እስኪለቀቅ ደጋግማ ትደውላለች። ከዚያ የመጋዘኗን መጻፊያ ታሰናብታለች፣ ፋይሎቿን ትዘጋለች፣ “አሁን ማጥፋት ይቻላል” ብላ ትጽፋለች። ከዚህ በኋላ አባዬ ማጥፊያውን እንደ ልማዳቸው ይጫኑ። ምንም አይጎዳትም። አንዲት ነጥብ እንኳ ሳትዘልዪ ጻፊው፤ መጀመሪያ እዚህ በእኛዋ ላይ ሞክሬዋለሁ፣ አርፋለች።

ለአባዬ ሁሉንም ንገሪያቸው፤ ያልኩትንም፣ የጻፍኩትንም። እግራቸው ላይ ወድቄያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ። ሰውና በሬ በበዓል ሲያርፍ አውቃለሁ፤ ለብረት ማዘን ግን ከየት መጣባቸው? ገሳይ ሳለን ለሬዲዮን እንኳ አላዘኑም።

በላይነህ


ደብረ ታቦር
ሰኔ 19 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለበላይነህ፤

እንኳን ለዚህ ቀን አበቃህ፣ አበቃን። ደብዳቤህ ሙሳ ሱቅ ሲደርስ ኮሚቴው ሊመጣ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ፋይሉን አቧራ ላራግፍ ብዬ ወስጄ ወረቀቱን ለወጥኩት፤ ያንኛውን ምድጃ በላው። ከኮሚቴው አንዱ እውነትም እንግሊዝኛ አንባቢ ነው፤ ከላይ እስከ ታች አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። ጓድ እሸቴ መኪናዋ ስለምታርፍበት ሳይንስ ግማሽ ሰዓት አስረዳቸው፤ እኔ እንኳ ተማርኩ። ምስጋና ተጽፎልን ሄዱ። የዘር መኪኖቹ ግንቦት ሳይወጣ ነው የመጡት፤ ሦስቱ ገሳይ አራገፉ።

አርባ አንዱን መስመር አንድ ቀን ሙሉ ስጽፍ ዋልኩ። የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ላይ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ልክ እንዳልከው አደረገች። አባትህን ጠራኋቸውና የጻፈችውን አነበብኩላቸው። ቀርበው ማጥፊያዋን ሲጫኑ እጃቸው አልፈጠነም።

የቀረውን ራሳቸው ይንገሩህ። እኔ የምጽፈው እሳቸው የሚሉትን ብቻ ነው።

“ይድረስ ለልጄ ለበላይነህ። እጁ የጥሩወርቅ ነው፣ ቃሉ የእኔ የአባትህ የዘውዱ። የጻፍኸውን አንብባልኛለች። ከበሩ ይነሣ ያልከውንም አልደበቀችኝም። አልከፋኝም ልጄ። እህትህ ላይ መዓት ያመጣ ዘበኛ መነሣት አለበት፤ ፍርድህ ልክ ነው። ያፈርኩትስ የበሬዎቼን ሞት ደብቄ ሦስት ዓመት አፌን ስለያዝሁብህ ነው። ልብህ ለሁለት እንዳይከፈል ብዬ እንጂ ሳትናፍቀኝ ቀርተህ አይደለም።

“ለብረት ማዘን ከየት መጣ ብለሃል። ለብረትስ አላዘንሁም። ያቺ መኪና የመጣች ዕለት፣ ‘እቺ ደሞ ምንድር ናት?’ ብዬ ጥሩወርቅን ጠየቅኋት። ‘የበላይነህ ሙያ ናት፤ እሱም ከእንዲህ ያለችው ጋር ነው የሚውል’ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ተረኛ ስሆን ወንበሬን ወደ እሷ መስኮት አስጠጋሁ። ስታንሾካሽክ እሰማታለሁ። ድምፅህ አይደለም፤ አንተ ግን ቀን ሙሉ የምትሰማው ይህን ነው እያልሁ አዳምጣለሁ። አንድ ቀን እንዲያው ስናወጋ፣ ‘በላይነህ ለሚካኤል ያርፋል?’ ብላት፣ ‘እዚያ ሚካኤልን ማን ያውቅና፣ ይሠራል እንጂ’ አለችኝ። ቆጠርሁት። ከሄድህ ስምንት ዓመት ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ልጄ አንድ ሚካኤል፣ አንዲት ማርያም አላረፈም።

“ዋዜማው ሲደርስ ገብቼ አጠፋኋት። አንተን ማሳረፍ አልቻልሁም፤ እሷን ግን እችላለሁ ብዬ ነው።

“አባትህ ዘውዱ።”